ክረምት ደሴት የሚያደርጋቸው መንደሮች፦ መንገድ ሲዘጋ ጎረቤት የሚሠራው ሥራ

ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞንና ቆላ ድባን አልፎ ወደ ጎርጎራ የሚወርድ ሰው በጥር ያየውን ሜዳ በነሐሴ ቢያየው አያውቀውም። በጥር ደምቢያ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የለበሰ፣ ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ነው። በነሐሴ መገጭና ድርማ ከላይ የተሸከሙትን ያራግፉበታል፤ ጣና ደግሞ ከታች ሞልቶ አልቀበልም ይላል። ዋልካው ጠጥቶ ሲጠግብ እግር ይይዛል፣ ጎማ ይውጣል። ያን ጊዜ መንደሩ ደሴት ይሆናል። በሰሜን በኩል ጃናሞራ፣ በየዳና ጠለምት ደግሞ ውሃ ሳይከባቸው ገደልና ጭጋግ ይከባቸዋል። መንገድ የሚዘጋው በዝናብ ብቻ እንዳልሆነም ባለፉት ዓመታት አይተናል።

ይህ መመሪያ ለቀበሌ አመራሮች፣ ለዕድር ዳኞች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለደብር አስተዳዳሪዎች የተጻፈ ነው። መነሻው አንድ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከውጭ ማንም አይደርስም ብላችሁ ተዘጋጁ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋና ደቡብ ኦሞ በጎርፍ ሲመቱ ፎገራና ደምቢያም በዚያው ሰሞን በውሃ ተውጠው ነበር። አንድ አገር ያለችው ጀልባና ሄሊኮፕተር በአንድ ጊዜ አራት ቦታ አይደርስም። ደርሶ የሚያወጣችሁ የጎረቤታችሁ እጅ ነው፤ ያ እጅ ግን ቀድሞ ካልሠለጠነ በጭንቀት ሰዓት ይንቀጠቀጣል።

አንደኛ ሥራ፦ የውሃውን ልክ ፈልጉ

ይህ የግንቦት ሥራ ነው። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ካላለቀ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ከሞፈሩ ጋር ነው።

የመንደሩን አዛውንት ሰብስቡና ከቤት ወደ ቤት አብራችሁ ዙሩ። «ጎርፍ ደርሶ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ብቻ ይሆናል። በ1998 ውሃው እዚህ ግድግዳ ላይ የት ደረሰ? ጎተራው ገባበት? ከብቱን ወዴት ነዳችሁት? በስንተኛው ቀን ጎደለ? ብላችሁ ጠይቁ። በተነገራችሁ ልክ ግድግዳው ላይ ወይም ዛፉ ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ። ሃያ ቤት እንዲህ ከተቀባ በኋላ ከአንዱ ቀይ መስመር ወደ ሌላው ስትመለከቱ የመንደራችሁ ካርታ በዓይናችሁ ይሣላል። ከመስመሩ በላይ ያለው መሬት መሸሺያ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ደግሞ የሚሸሽ ሰው ቤት።

ካርታውን በትልቅ ወረቀት ላይ አሥፍሩት። ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ጉድጓዱ፣ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ በበጋ የሚሄዱበት አቋራጭና በክረምት የሚያስኬደው ዙሪያ ጥምጥም ይግቡበት። አቋራጩን በቀይ ሰርዙት። በየዓመቱ ሰው የሚወስደው በበጋ እግሩ የለመደው አቋራጭ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚለው አባባል ለደጋ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ የጣናን ዳር ሰው ግን ያዘናጋል። ሐይቁ ከፍተኛ ልኩ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ከረገበ በኋላ፣ መስከረም ውስጥ ነው። የጥበቃ ተራችሁን በጳጉሜን አትፍቱት።

ሁለተኛ ሥራ፦ መሮጥ የማይችለውን መዝግቡ

ቀበሌው መዝገብ አለው፤ ዕድሩም አለው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ አይበቁም፤ የቀበሌው አባወራን፣ የዕድሩ ከፋይን ነው የሚቆጥሩት። እናንተ የምትፈልጉት በሌሊት ተነሥቶ መሮጥ የማይችለውን ነው። አልጋ የያዘ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር (የምትወልድበት ወር ተጽፎ)፣ አራስ፣ ዓይነ ሥውር፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ የስኳር ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድ፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እማወራ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሚያነሡት የሁለት ጎረቤቶች ስም ይጻፍ። አንድ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ገበያ በወጣበት ቀን ጎርፍ ይመጣል።

ከሁሉም መዝገብ የሚጎድሉ ሰዎች አሉ። በደብሩ ዙሪያ በጭቃ ጎጆ የሚያድሩት የአብነት ተማሪዎች የየትኛውም ቤት ልጆች አይደሉም፤ የየትኛውም ዕድር አባልም አይደሉም። ብዙዎቹ ከሩቅ አገር የመጡ ልጆች ስለሆኑ ወንዙን አያውቁትም። ለአረምና ለአጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞችም እንዲሁ። ከጎርጎራ ወዲያ ባሉት ደሴቶችና ልሳነ ምድሮች ላይ፣ እንደ ማን እንደባ ባሉት ገዳማት ውስጥ፣ በዕድሜ የገፉ መነኮሳት አሉ። ከአበምኔቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በስንት ቀን አንድ ጊዜ ታንኳ ይደርሳቸዋል? የታመመ ሲኖር በምን ያሳውቃሉ? በተቃራኒው ደግሞ፣ ከብቦት የመጣውን ውሃ ሸሽቶ ሴትና ሕፃን የያዘ ሰው በታንኳ ወደ ደሴቱ ቢጠጋ የት ይወርዳል? ሴት የማያስገባ ገዳም ካለ ማረፊያው ከቅጥሩ ውጭ የት እንደሆነ በሰላሙ ቀን ይወሰን። በጭንቅ ቀን በር ላይ ቆሞ ሥርዓት መከራከር ለሁለቱም ወገን ፈተና ነው።

መዝገቡን በሦስት ቅጂ አድርጉት። አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ በጤና ኬላ፣ አንዱ ከፍታ ላይ ባለ ቤት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ብቸኛው መዝገቡ በጎርፍ የሄደበት ቀበሌ አይቻለሁ።

ሦስተኛ ሥራ፦ ጥሩምባውን ከለቅሶ ለዩት

በገጠራችን ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ቀስ ብሎ ይወጣል እንጂ ልጁን አዝሎ አይሮጥም። ስለዚህ ለጎርፍ የተለየ ድምፅ ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ ሳያቋርጥ የሚደወል ደወል ከሦስት ሦስት አጭር ጥሩምባ ጋር። መስጊድ ባለበት መንደር ድምፅ ማጉያው ተጨማሪ አፍ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞክሩት። ለሕፃናት ጨዋታ አድርጉላቸው፤ ልጆች የያዙትን ምልክት አዋቂ አይረሳውም።

ምልክቱን የሚሰጠው ሰው ዜናውን ከየት ያገኛል? የጎንደርን ከተማ ግራና ቀኝ የያዙት ቀሃና አንገረብ መጨረሻቸው መገጭ ነው። ጎንደር ላይ ሰማይ ሲቀደድ ደምቢያ ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ግን መንገድ ጀምሯል። የሜትዎሮሎጂ ትንበያን በሬዲዮ መስማቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከተማ የሚኖር ዘመድ ያለው ሁሉ «ሌሊት ከባድ ዝናብ ከጣለ ደውልልኝ» ብሎ ይማማል። አዘዞ ላይ አንድ፣ ቆላ ድባ ላይ አንድ ተቀባይ ይኑር። ወንዙ ዳር ወይም ድልድዩ ሥር በሦስት ቀለም የተቀባ ዘንግ ትከሉ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ውሃው ቢጫው ላይ ሲደርስ በመዝገቡ ያሉት ቀድመው ይወጣሉ፣ ቀዩ ላይ ሲደርስ ሁሉም። ይህን ቁርጥ ውሳኔ ዘንጉ ይስጥ፤ ሰው ከወሰነው ጭቅጭቅ ይነሣል።

አራተኛ ሥራ፦ ስለ ላሟ አስቡ

ሰው ለምን አልወጣም ይላል? እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ላሟ፣ በሬው፣ የጎተራው እህልና የመሬት ይዞታ ደብተሩ ቤት ስላሉ ነው። ለእነዚህ መልስ ሳይኖር «ውጡ» የሚል መመሪያ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ለከብቱ ከቀይ መስመር በላይ የወል መሬት ለዩ፤ ድርቆሽም አስቀምጡበት። ሰውና ከብት አንድ ግቢ አይደሩ። ጎተራውን ድንጋይ ከምራችሁ ከመስመሩ አንድ ክንድ ከፍ አድርጉት፤ ይህ የደቦ ሥራ ነው፣ በአንድ ቅዳሜ አምስት ጎተራ ይነሣል። የዘር እህል ከሚበላው ተለይቶ፣ በላስቲክ ታሥሮ ቆጥ ላይ ይውጣ። የይዞታ ደብተር፣ የልጆች የክትባት ካርድና መታወቂያ በአንድ ላስቲክ ይጠቅለልና በር አጠገብ ይሰቀል።

ትምህርት ቤት ማረፊያ ሲሆን አንድ ችግር አለ፤ ጎርፉ በሚመጣበት ሰሞን ትምህርት ሊከፈት ነው። ስንት ክፍል፣ እስከ መቼ እንደሚያዝ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

አምስተኛ ሥራ፦ የሚቀመጥ ዕቃ

ብዙ አታብዙ፤ የተረሳ መጋዘን የአይጥ ቤት ነው። ከፍታ ላይ በሚገኝ ቤት እነዚህ ይኑሩ፦
- ክዳን ያላቸው ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችና ሁለት ትልልቅ በርሜሎች፣
- የውሃ ማከሚያ (ውሃ አጋር ወይም ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና) ቀኑ ያላለፈበት፣
- የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢቶች፣ ስኳርና ጨው፣
- ወፍራም ላስቲክ፣ ረጅም ገመድ፣ አካፋ፣ ቃሬዛ፣
- በፀሐይ የሚሠራ መብራትና ስልክ መሙያ፤ አንድ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ፣
- ለወሊድ ንጹሕ ጨርቅ፣ አዲስ ምላጭና ሳሙና።

የቤቱ ቁልፍ ሁለት ሰው ጋር ይሁን፤ አንዷ ሴት ትሁን።

ታንኳም ዕቃ ነው። የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብድና ይበሰብሳል። ስለዚህ በሰኔ አዲስ የታሠሩት የት የት እንዳሉ ይመዝገብ፤ ባለቤቶቹ ቢጎዳባቸው የሚካሱበት ገንዘብ ከዕድሩ አስቀድሞ ይመደብ። ታንኳ ለተኛ ውሃ ነው። በሜዳ ላይ በተኛው ጎርፍ ከየጣራው ሰው ይለቅማል፤ የሚጋልብ ወንዝ ላይ ግን አይውጣ። ሐይቁን ማቋረጥ ካስፈለገ ማለዳ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ከሁለት ሰው በላይ መጫን የቀዛፊው ውሳኔ ነው፤ ሹምም ቢሆን አያዝዘውም። እምቦጭ የዘጋው ዳርቻ ካለ መውጫ ቦዩ በግንቦት ይጠረግ።

ስድስተኛ ሥራ፦ ሦስቱ ቀናት

በመጀመሪያው ሰዓት ቆጠራ ይካሄዳል። መዝገቡ ይገለጣል፣ ስም ይጠራል፣ የጎደለ ይለያል። ሳይቆጥሩ ፍለጋ የወጡ ሰዎች ቀድሞ የወጣን ሰው ሲፈልጉ ራሳቸው ይጠፋሉ። ስልክ ካለ በአንድ ሰው በኩል ብቻ ለወረዳው ይደወል፤ ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ውሃ የሚሻገር ሰው ዱላውን ይያዝ፤ በፊቱ እየወጋ ይሂድ። ፈጥኖ የሚሄድ ውሃ አንድ ስንዝር እንኳ ባይሞላ አዋቂን ይጥላል፤ ሁለት ስንዝር አካባቢ ሲደርስ ትንሽ መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ነጂዎች ይህን ስሙ።

ከዚያ በኋላ ገዳዩ የሚጠጣው ውሃ ነው። የሰመጠ ሽንት ቤትና የሰመጠ ጉድጓድ አንድ ሆነዋል። ለመጠጥ፣ ለምግብና ለንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ያስፈልጋል፤ አምስት ነፍስ ላለው ቤት አራት ጀሪካን ሊሆን ምንም አይቀረውም። ያን ያህል ማግኘት ካልቻላችሁ የሚጠጣውንና የሚቀቀልበትን አስቀድሙ፤ ልብስ ይቆይ። ማገዶ ካለ አፍሉት። ጣና ዳር ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ውሃ በትንሽ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ጃናሞራና በየዳ ያላችሁ ይህ የእናንተ ነው። ማገዶ ከረጠበ ደግሞ በነጠላ አጥልላችሁ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ በረኪና ጨምሩ፤ ለአንድ ጀሪካን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ከጠለለም በኋላ የደፈረሰ ከሆነ መጠኑን እጥፍ አድርጉት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ተቅማጥ የጀመረው ሕፃን ከረጢቱ ካለቀ፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ሲበዛ ይጎዳል፤ ቀማምሳችሁ እንባ ያህል እንጂ ከዚያ አይብለጥ። ጡት አይቋረጥ። እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ነጭ ተቅማጥ በአዋቂ ላይ ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ለጤና ኬላ አሳውቁ።

ጊዜያዊ ሽንት ቤት ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የሴትና የወንድ ይለይ፤ መብራት ይኑረው። ደምቢያ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ጥልቅ መቆፈር ክፋት ነው፤ አፈር ቆልላችሁ ከፍ አድርጉት።

በድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፣ አይበለት። አባ ሰንጋ ከጎርፍ በኋላ ከአፈር የሚነሣ በሽታ ነው፤ ሥጋውም ቆዳውም ሰው ይገድላል። በአፍንጫው ደም የወጣ በሬ ታረደና ይበላ የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበር፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠራ።

ስለ ናዳ ለደጋው ሰው

ገደል ሥር ላላችሁ ሕጉ ይለያል። ሐምሌ 2016 በገዜ ጎፋ የሆነውን አስታውሱ፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ተቀበሩ። በዚያው ክረምት ጠለምት ላይም ናዳ ሰው ገድሏል። ደመ ሞቃት ሕዝብ ነን፤ «ድረሱልኝ» ሲባል ቆሞ ማየት ነውር ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ሁለት ሰው በጎን በኩል ወጥቶ የናዳውን አናት ይይ፤ አዲስ ስንጥቅ ካለ፣ ውሃ ከተራራው ጎን መፍሰስ ከጀመረ ወይም ዝናቡ ካላባራ ሕዝቡ ከሥሩ ይራቅ። የሚቆፍሩት ጥቂት ይሁኑ፣ አንድ ተመልካች ሁልጊዜ ወደ ላይ ይይ፣ በፉጨቱ ሁሉም ይሽሽ።

ቀደም ብሎ የሚታይ ምልክት አለ፦ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ አልከፈት ያለ በር፣ መሬት ላይ በየቀኑ የሚሰፋ ስንጥቅ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም የደረቀ ምንጭ። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ትከሉና ርቀቱን በገመድ ለኩ። በማግሥቱ ከሰፋ ያን ሌሊት ከዚያ ቤት አትደሩ።

ሰባተኛ ሥራ፦ ቁጥሩን ንጹሕ አድርጉት

ወረዳው የሚረዳው በምትልኩት ቁጥር ነው። «ብዙ ሕዝብ ተጎድቷል» የሚል ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ፤ የፈረሰ ቤትና የተጎዳ ቤት ለየብቻ፤ በጥማድ የጠፋ ሰብል በዓይነቱ፤ የሞተ ከብት፤ የተበላሸ ጉድጓድ። ቀኑና የቆጣሪው ስም ይጻፍበት። ቁጥር ማሳበጥ ይቅር፤ በሦስተኛው ዓመት ማንም አያምናችሁም።

ዕርዳታ ሲመጣ የተቀባይ ዝርዝር አደባባይ ላይ ይነበብ። ሹሙ ለዘመዱ ሰጠ የሚለው ሐሜት ከጎርፉ ይልቅ መንደር ያፈርሳል። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን የተነሡት ይውሰዱ፤ ተሰልፎ መቆም የማይችለው በወኪል ይቀበል።

ስምንተኛ ሥራ፦ ከውሃው በኋላ ያለው ዓመት

ዕርዳታ ይዘው የመጡት እንግዶች ከሄዱ በኋላ ያለው ይህ ነው፤ ብዙ መመሪያ ደግሞ እዚህ ላይ ያንቀላፋል።

ጤፉ ጠፍቶ ይሆናል፤ ዋልካው ግን እርጥብ ነው። ውሃው በመስከረም ከሸሸ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ስለዚህ ከሁሉ ዕርዳታ ፈጣኑ የሽምብራ ዘር ነው፤ በኅዳር የሚደርስ ዘር ዘር አይደለም፣ ንፍሮ ነው። ዘር ያላቸው ከፍታ ላይ ያሉ ቤቶች በወንፈል ስሌት እንዲያበድሩ በሰኔ ቃል ይገቡ። በሬው የሞተበት ሰው መሬቱን ለእኩል ሳይሰጥ በፊት ደቦ ይውጣለት።

ጓያን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ጓያ ውሃ ቢተኛበትም፣ ድርቅ ቢመታውም ይበቅላል፤ ስለዚህ በክፉ ዓመት ጎተራ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል። ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግር ያሽመደምዳል፤ ያ ሽባነት አይድንም፤ በተለይ ጉልበት የሚሠሩ ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። ደምቢያና ፎገራ ይህን በሰው እግር ያውቁታል። ሌላ ከሌለ፣ ሌሊቱን ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ ቀቅላችሁም ውሃውን ድፉት፤ ከጤፍ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሉት። ወረዳው ላይ የምታቀርቡት ጥያቄ ደግሞ ግልጽ ይሁን፤ «ሕዝባችን ጓያ ብቻ እየበላ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለጤና ባለሙያ የአደጋ ምልክት ነው።

ወባ በጎርፉ ሳምንት አትመጣም። ውሃው ትንኞቹን መጀመሪያ ያጥባቸዋል፤ ከዚያ በየኩሬው ይፈለፈላሉ፤ ወረርሽኙ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው። የነሐሴ ጎርፍ ሒሳቡ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይመጣል። አጎበርና መድኃኒት ጤና ኬላ መድረስ ያለበት መስከረም ሳይጋመስ ነው። ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ለጎንደር የጤና ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ለተከፈተው፣ አንዱ ምክንያት ነበር፤ ከተማዋ የጤና ባለሙያ የማሠልጠን ታሪኳ የጀመረው በዚህ ሜዳ ሕመም ነው።

ጉድጓዱ ውሃው ተቀድቶ ይውጣ፣ ግድግዳው ይፋቅ፣ የወረዳው ውሃ ባለሙያ ክሎሪን ይጨምርበት፤ ሽታው እስኪጠፋ ተቀድቶ ይደፋ። ቤት ሲሠራ ከቀዩ መስመር በታች ያለ ሰው እዚያው ልሥራ ቢል አትደንግጡ፤ መሬቱ እዚያ ነው። መሠረቱን በድንጋይ ከመስመሩ በላይ ያውጣ፣ ቆጡን ሰው እንዲሸከም አድርጎ ይሥራ።

በኅዳር፣ አጨዳው ሲጋመስ፣ አንድ እሑድ ተሰብሰቡ። የትኛው ጥሩምባ አልተሰማም? የማን ስም ከመዝገብ ጎድሎ ነበር? የታንኳው ባለቤት ተከፈለው? ያን ሰሞን ውሃው ከአሮጌው መስመር አልፎ ከሆነ ቀለምና ብሩሽ ያዙና ከአዛውንቱ ጋር እንደገና ከቤት ወደ ቤት ዙሩ፤ ከአዲሱ መስመር ጎን ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።